ቱኒዚያ ሳትሠራው የቀረችው ፍርድ ቤት

በአገራችን ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ተያይዘው አንዱ ዱላውን ሲያነሣ፣ ከዳር የቆመ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ብሎ የሚጮህበት ልማድ ነበረ። ያ ቃል የተሰነዘረውን ዱላ አየር ላይ ያቆመው እንደነበር አያቶቻችን ይነግሩናል። ጯሂው ፖሊስ አይደለም፤ መሣሪያም የለውም። ሁለቱ ተደባዳቢዎች ግን ከቃሉ ጀርባ ዳኛ እንዳለ ያውቃሉ፣ ነገ እዚያ ፊት መቆም እንደማይቀርላቸው ያውቃሉ። ስለ ቱኒዚያ ባሰብኩ ቁጥር ይህ ልማድ ትዝ ይለኛል፤ በተለይ እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 2021 የሆነውን ሳስታውስ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያን ምሽት ፕሬዚዳንት ካይስ ሰኢድ የጦርና የፖሊስ አዛዦችን ሰብስበው በቴሌቪዥን ቀረቡ። ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሂሻም መሺሺን አሰናበቱ፣ ምክር ቤቱን አገዱ፣ የአባላቱን ያለመከሰስ መብት አነሡ። ሌሊቱ ሳይነጋ አፈ ጉባኤው ራሺድ ጋኑሺ ባርዶ ወደሚገኘው የምክር ቤቱ ሕንፃ ሄዱ። በሩ ተዘግቷል፤ ከበሩ ወዲያ ወታደሮች ቆመዋል። ሕገ መንግሥቱን ጠቅሰው እንዲከፈትላቸው ቢጠይቁም የሚከፍት አልተገኘም። መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ሲጠብቁ የሚያሳየው ምስል ያን ሰሞን ዓለምን ዞረ።

ፕሬዚዳንቱ ለእርምጃቸው የጠቀሱት የ2014ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 80ን ነበር። አንቀጹ በአገር ላይ አደጋ ሲያንዣብብ ፕሬዚዳንቱ ልዩ እርምጃ እንዲወስድ ይፈቅዳል። እዚያው ላይ ግን፣ ልዩ ሁኔታው እስኪያበቃ ምክር ቤቱ ሳይበተን በስብሰባ ላይ ይቆያል ይላል። 30 ቀን ሲያልፍ ደግሞ አፈ ጉባኤው ወይም 30 የምክር ቤት አባላት ወደ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሄደው «አደጋው አሁንም አለ ወይ?» ብለው መጠየቅ ይችላሉ። እንግዲህ ጽሑፉ የሚፈለገውን ሁሉ ይዟል፦ ሥልጣኑም አለ፣ ገደቡም አለ፣ አቤት የሚባልበት ቦታም አለ። የቀረው አንድ ነገር ነው። ፍርድ ቤቱ አልተቋቋመም ነበር።

ብዙ ሰው የቱኒዚያን ታሪክ የሚናገረው «ደግ አብዮት ነበረ፣ አንድ ክፉ ሰው አጠፋው» በሚል መንገድ ነው። በዚህ አልስማማም። ካይስ ሰኢድ ያደረጉት ምን እንደሆነ ከዚህ በታች በስሙ እጠራዋለሁ። ነገር ግን ያን ሌሊት «በሕግ አምላክ» ቢባል የሚሰማ ዳኛ እንዳይኖር ያደረጉት እርሳቸው ብቻ አይደሉም። ወንበሩ ለዓመታት ባዶ ነበር፤ ባዶ ያስቀሩትም በአብዮቱ ስም የተመረጡት ፓርቲዎች ራሳቸው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ2014ቱ ሕገ መንግሥት በ200 ድምፅ ድጋፍ ሲጸድቅ 12 አባላት ያሉት ፍርድ ቤት ደነገገ። አራቱን ፕሬዚዳንቱ፣ አራቱን ምክር ቤቱ፣ አራቱን ከፍተኛው የዳኝነት ጉባኤ ይሰይማሉ። ምርጫ በተደረገ በአንድ ዓመት ውስጥ መቋቋም ነበረበት። ማቋቋሚያ ሕጉም በ2015 መጨረሻ ወጣ። ምክር ቤቱ የራሱን አራት ሰዎች ለመምረጥ ከ217 አባላቱ የ145ቱን ድምፅ ይፈልግ ነበር። በ2018 አንዲት ዳኛ ብቻ ተመረጡ፤ ሌሎቹ ሦስቱ ድምፅ በተሰጠ ቁጥር ይወድቁ ነበር። ሃይማኖተኛው ወገን የዓለማዊውን ዕጩ ይፈራል፣ ዓለማዊው የሃይማኖተኛውን። ሁለቱም «ይህ ሰው ነገ በእኔ ላይ ይፈርድብኛል» እያሉ አስቀሩት። በእነርሱ ላይ የሚፈርደው ዳኛ አንድ ቀን ለእነርሱም የሚፈርድላቸው መሆኑን ያሰበ በቂ ቁጥር ያለው ሰው በአዳራሹ አልተገኘም። በ2021 ጸደይ ነገሩ ሲገባቸው የሚፈለገውን ድምፅ ወደ 131 ዝቅ አድርገው ሕጉን አሻሻሉ። ያን ጊዜ ፕሬዚዳንቱ አልፈርምም አሉ። ምክንያታቸውም ሕገ መንግሥቱ የሰጠው የጊዜ ገደብ አልፏል የሚል ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ አንቀጽ 80ን ብቻቸውን አነበቡት፣ ብቻቸውን ተረጎሙት።

ይህን የምጽፈው ተሸናፊዎችን ለመውቀስ አይደለም። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ታስረዋል፤ በታሰረ ሰው ላይ ጣት መቀሰር ደስ አይለኝም። የምጽፈው በእኛም አገር፣ በሌላም አገር፣ ሥርዓት ሲለወጥ መጀመሪያ የሚረሳው ይህ ስለሆነ ነው። ምርጫው ይደረጋል፣ ባንዲራው ይውለበለባል፣ ዳኛውን ማስቀመጥ ግን «ቀስ ብሎ ይደርሳል» ይባላል።

ቱኒዚያውያን ያገኙት ነፃነት ደግሞ ትንሽ አልነበረም። ዲሴምበር 17 ቀን 2010 በሲዲ ቡዚድ ከተማ ፍራፍሬ በጋሪ ይሸጥ የነበረው የ26 ዓመቱ ሞሐመድ ቡአዚዚ ራሱን አቃጠለ፤ ጃንዋሪ 4 ሞተ፤ ጃንዋሪ 14 ቀን 2011 ደግሞ 23 ዓመት የገዙት ዚን ኤል አቢዲን ቤን አሊ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሸሹ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ የማይወራው ሰዎቹ በማግስቱ የተሰማቸው ነገር ነው። በቤን አሊ ዘመን የታገደ ድረ ገጽ ሲከፈት «404» የሚል የስሕተት ጽሑፍ ይመጣ ነበር። ሕዝቡ ለማይታየው አጋጅ ስም አወጣለት፤ «አማር 404» አለው። ዩቲዩብ ሳይቀር በአማር እጅ ነበር። አብዮቱ በመጣ በቀናት ውስጥ አማር ጠፋ። የማስታወቂያ ሚኒስቴር ፈረሰ። በዚያው ዓመት የወጣው የፕሬስ አዋጅ ጋዜጠኛን በጻፈው ነገር እስር ቤት ማስገባትን በአብዛኛው አስቀረ። በአሥር ዓመት ውስጥ ቱኒዚያውያን ፕሬዚዳንታቸውን በቴሌቪዥን የሚተቹ፣ በሬዲዮ ሚኒስትር የሚያፋጥጡ፣ ማታ ቤታቸው በሰላም የሚገቡ ሰዎች ሆኑ። በክልሉ ይህን የሚችል ሌላ ሕዝብ አልነበረም ማለት ይቻላል።

በ2013 ሁለት የግራ ክንፍ ፖለቲከኞች፣ ሾክሪ በላይድ በፌብሩዋሪ፣ ሞሐመድ ብራህሚ በጁላይ፣ ደጃፋቸው ላይ ተገድለው አገሪቱ ወደ ገደል ስትንሸራተት፣ የሠራተኞች ማኅበሩ፣ የአሠሪዎች ማኅበሩ፣ የሰብአዊ መብት ሊጉና የጠበቆች ማኅበሩ አንድ ላይ ተቀምጠው ተቀናቃኞቹን አስማሙ። ለዚህም አራቱ የ2015ቱን የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። ሽልማቱ ይገባቸዋል። ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል፦ ሽማግሌ በእርቅ የፈታው ጠብ ከፍርድ ቤት ደጃፍ ሳይደርስ አለቀ፤ ሁሉም «ነገም ሽማግሌ አይጠፋም» ብሎ ተዘናጋ። ሽምግልናን አከብራለሁ፤ እኛም ያደግንበት ነው። ሽማግሌ ግን እንቢ የሚለውን ሰው ማስገደድ አይችልም።

ወደ ጁላይ 25 ልመለስ። ያን ምሽት የሰዓት እላፊ ቢኖርም ሕዝቡ ወደ አደባባይ ወጥቶ ጨፈረ፤ ጥሩንባ ነፋ፤ ርችት ተኮሰ። ስለ መብት የምንጽፍ ሰዎች ይህን ስናነሣ በቶሎ አልፈን መሄድ ይቀናናል። አልፌው አልሄድም። በአሥር ዓመት ውስጥ መንግሥት በየዓመቱ ያህል ይቀያየር ነበር። የተማረ ወጣት ሥራ የለውም፤ ጀልባ ይጠብቃል። በዚያ በጋ ኮቪድ ሰውን ይጨርስ ነበር፣ ሆስፒታሎች ኦክስጅን አጠራቸው። ምክር ቤቱ ውስጥ በቡጢ ይጣሉ ነበር፤ በጁን መጨረሻ አንድ አባል የተቃዋሚ ፓርቲ መሪዋን አቢር ሙሲን በስብሰባ መሐል ተነሥቶ መታቸው፣ አገር ሁሉ በቀጥታ አየ። የደከመው ሕዝብ «አንድ ሰው ያስተካክለው» ብሎ ቢመኝ እንግዳ ነገር አይደለም። ካይስ ሰኢድ የሕገ መንግሥት ሕግ መምህር ነበሩ፤ ፓርቲ የላቸውም፣ በሙስና ስማቸው አልተነሣም፣ በ2019 ከ70 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝተው ነው የተመረጡት። የጨፈረው ሕዝብ አምባገነን ልሹም ብሎ አልወጣም። የተጠላ ጎረቤቱ በር ሲሰበር ቆሞ አየ፤ ነግ በእኔ አላለም።

ነግ በእኔ። በአማርኛ ስለ ዜጎች መብት ከዚህ የሚበልጥ ቃል አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በቅደም ተከተል ነው የሆነው። ሴፕቴምበር 2021 ላይ አዋጅ 117 ወጥቶ ፕሬዚዳንቱ ብቻቸውን ሕግ የሚያወጡ ሆኑ፤ ረቂቅ ሕጎችን ይመረምር የነበረው ጊዜያዊ አካልም ፈረሰ። ፌብሩዋሪ 2022 ከፍተኛው የዳኝነት ጉባኤ ተበተነ። ጁን 1 ቀን 57 ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ በአንድ አዋጅ ተባረሩ፤ ክሱን የሰሙት ከፕሬዚዳንቱ የቴሌቪዥን ንግግር ነበር። የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ የ49ኙን መባረር አገደ፤ ወደ ወንበራቸው የመለሳቸው ግን የለም። ጁላይ 25 ቀን 2022 አዲስ ሕገ መንግሥት ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ፤ ድምፅ የሰጠው ከመራጩ 30 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። ረቂቁን እንዲያዘጋጁ የተመረጡት አንጋፋው የሕግ ሊቅ ሳዶቅ በላይድ፣ የታተመው ጽሑፍ እኛ ያቀረብነው አይደለም፣ ወደ አምባገነንነት ሊወስድ የሚችል አደጋ አለበት ብለው በአደባባይ ካዱት። በአዲሱ ጽሑፍ ዳኝነት «ሥልጣን» መባሉ ቀርቶ «ተግባር» ተብሏል። ቃል ብቻ ይመስላል። ተግባር ያለው ሰው አለቃ አለው፤ ሥልጣን ያለው ግን ለሕግ ብቻ ነው የሚታዘዘው። በዚሁ ሕገ መንግሥት ዘጠኝ አባላት ያሉት አዲስ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ተደንግጓል፤ ሹመቱ በፕሬዚዳንቱ እጅ ነው። እርሱም አልተቋቋመም።

ሴፕቴምበር 13 ቀን 2022 ደግሞ አዋጅ 54 መጣ። ስሙ የኮምፒውተር ወንጀልን መከላከያ ነው። አንቀጽ 24ን ያነበበ ሰው ግን ዒላማው ማን እንደሆነ ይገባዋል። «የሐሰት ወሬ» ያሰራጨ እስከ 5 ዓመት እስርና 50,000 ዲናር ይቀጣል፤ ወሬው የመንግሥት ባለሥልጣንን የሚነካ ከሆነ እስሩ እጥፍ ይሆናል። ሐሰት የሆነውንና ያልሆነውን የሚለየው ማነው? ከሳሹ ባለሥልጣን ነው፣ ፈራጁም አለቃ የተሾመበት ዳኛ ነው። አማር 404 ገጹን ይዘጋ ነበር እንጂ ጸሐፊውን ሁልጊዜ አያገኘውም ነበር። አዋጅ 54 ገጹን ክፍት ይተወዋል፣ ጸሐፊውን ይወስዳል። ሰው ከመጻፉ በፊት ራሱ ይሰርዛል፤ ለመንግሥት ይህ በጣም ርካሽ ሳንሱር ነው።

አሁን እኛን በቀጥታ ወደሚነካው ክፍል እመጣለሁ፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ።

በ2011 መጀመሪያ፣ ቤን አሊ ከሸሹ ገና ጥቂት ሳምንታት ሲቆጠሩ፣ በጎረቤት ሊቢያ ጦርነት ተነሣ። በራስ ጅዲር ድንበር ሰው እንደ ጎርፍ ፈሰሰ። የራሷ መንግሥት ገና ያልረጋላት ቱኒዚያ ድንበሯን ከፈተች። የቤን ጋርዳን፣ የዛርዚስ፣ የታታዊን ሰዎች በመኪናቸው ዳቦና ውኃ ጭነው ወደ ድንበር ሄዱ፣ የማያውቁትን ቤተሰብ ቤታቸው አስገቡ። ከድንበሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በረሃው ላይ ሹሻ የሚባል የስደተኞች ሰፈር ተተከለ። ግብፃዊውና ባንግላዲሻዊው ወደ አገሩ ሲመለስ፣ መመለሻ ያጡት ሶማሌዎች፣ ኤርትራውያን፣ ሱዳናውያንና ኢትዮጵያውያን ድንኳኑ ውስጥ ቀሩ። ለእኔ የቱኒዚያ አብዮት እጅግ የሚያኮራው ገጽ ይህ ነው። ሕዝቡ ለራሱ «ክብር» እያለ የጮኸውን ቃል ለማያውቀው መንገደኛም ሰጠው።

ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2023 ፕሬዚዳንቱ ስለዚያው መንገደኛ ተናገሩ። ከሰሃራ በታች የሚመጡ ስደተኞችን «መንጋ» አሉ፤ ወንጀል አመጡ አሉ፤ የቱኒዚያን የሕዝብ ስብጥር ለመለወጥ፣ ዓረባዊና እስላማዊ ማንነቷን ለማጥፋት የታቀደ ሴራ አለ አሉ። በማግስቱ ጥቁር ሰው በቱኒስና በስፋክስ ጎዳና መሄድ አልቻለም። አከራዮች ሕግ ይመጣብናል ብለው ተከራዮቻቸውን በሌሊት አስወጡ። ሕፃናት የያዙ እናቶች በቱኒስ የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ቢሮ ደጃፍ አስፋልት ላይ አደሩ። ጊኒ፣ ኮትዲቯርና ማሊ ዜጎቻቸውን በአውሮፕላን አወጡ። አዲስ አበባ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን የፕሬዚዳንቱን ንግግር አውግዞ፣ በመጋቢት ቱኒስ ላይ ሊደረግ የነበረውን ጉባኤ ለሌላ ጊዜ አስተላለፈ። ጁላይ ላይ ደግሞ በስፋክስ ግጭት ተነሥቶ ፖሊስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችን ጭኖ ወደ ሊቢያና ወደ አልጄሪያ ድንበር በረሃ ጣላቸው። ውኃ በሌለበት። አንዲት እናትና ትንሽ ልጇ አሸዋ ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ሞተው ተገኙ፤ ያን ፎቶ ያየ አይረሳውም። ሰዎች በዚያ በረሃ ባሉበት በዚያው ወር፣ ጁላይ 16፣ የአውሮፓ ኅብረት መሪዎች ካርታጎ ቤተ መንግሥት ሄደው ከፕሬዚዳንቱ ጋር የስደት ስምምነት ፈረሙ፤ ድንበር ለመጠበቅም 105 ሚሊዮን ዩሮ መደቡ።

ይህች አገር ባርነትን በ1846 በአዋጅ ያስቀረች ናት፤ ብዙ የአሜሪካ ግዛቶችና አንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ገና ሳያስቀሩት። በ2018 የዘር መድልዎን ወንጀል ያደረገ ሕግ ያወጣችም ናት፤ ከዓረቡ ዓለም የመጀመሪያዋ። ለዚያ ሕግ ከታገሉት ግንባር ቀደሟ ሳዲያ ሞስባህ የተባሉ ጥቁር ቱኒዚያዊት ናቸው፤ «ምነምቲ» የተባለውን የፀረ ዘረኝነት ማኅበር ይመራሉ።

ሜይ 6 ቀን 2024 ሳዲያ ሞስባህ ተያዙ። ስደተኞችን የሚረዱ ሌሎች ማኅበራት መሪዎችም በዚያው ሰሞን ታሰሩ። በሳምንቱ ውስጥ፣ ጠበቃና የቴሌቪዥን ተንታኝ የሆኑት ሶንያ ዳህማኒ በአንድ ውይይት ላይ ነበሩ። ሌላው ተወያይ ስደተኞቹ ቱኒዚያን ሊወርሱ ነው የመጡት ሲል፣ ዳህማኒ የራሷ ወጣት ትቷት ሊሄድ የሚፈልገውን አገር ማን ይመኘዋል የሚል መልስ ሰጡ። ይኸው ነው ጥፋታቸው። ሜይ 11 ቀን ምሽት የጠበቆች ማኅበር ሕንፃ ውስጥ ተጠልለው ሳለ ፊታቸውን የሸፈኑ ፖሊሶች ገብተው ወሰዷቸው፤ የፈረንሳይ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ በቀጥታ ሥርጭት ላይ ስለነበረች ካሜራው ሁሉን አሳየ፣ በኋላም ካሜራው ተቋረጠ። የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አራቱ ማኅበራት አንዱ የጠበቆች ማኅበር መሆኑን አስታውሱ። ክሱ በአዋጅ 54 ነበር።

እነዚህን ሁለት እስራቶች ለይቼ ማየት አልችልም። የሰው አገር ሰው መብት ሲገፈፍ ብዙ ዜጋ «ለእኛ ሲባል ነው» ብሎ ዝም አለ። ስለዚያ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር የተናገረችው ዜጋ ቀጥላ ተያዘች። በፌብሩዋሪ 2023 በስደተኛው ላይ ንግግሩ ሲደረግ፣ በዚያው ወር ፖለቲከኞች «በመንግሥት ላይ በማሴር» ተብለው ከየቤታቸው ይለቀሙ ነበር። ሁለቱ ዘመቻዎች በአንድ ወር፣ በአንድ አፍ፣ «ሴራ» በሚል አንድ ቃል ነው የተጀመሩት።

ባርዶ ውስጥ የዓይን ጠላት የነበሩት ደግሞ ሁሉም እስር ቤት ተገናኙ። የእስላማዊው ፓርቲ የኤናህዳ መሪ ጋኑሺ በኤፕሪል 2023 ታሰሩ። ኤናህዳ ይዘጋ እያሉ ሲሟገቱ የነበሩት፣ የድሮውን ሥርዓት የሚናፍቁት አቢር ሙሲ በኦክቶበር ተያዙ፤ የተያዙት የፕሬዚዳንቱን ውሳኔ በመቃወም አቤቱታ ለማስገባት ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ በሄዱበት ነው። ግራውም፣ ቀኙም፣ ሃይማኖተኛውም፣ ዓለማዊውም። የማን ዳኛ ይቀመጥ እያሉ የተጨቃጨቁት ሰዎች በማንም ያልተመረጠ ዳኛ ፊት ቆሙ።

የ2024ቱን ምርጫ በአጭሩ ልለፈው፤ የሚያከራክር ነገር የለውም። የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ ሦስት የታገዱ ዕጩዎች ወደ ውድድሩ ይመለሱ ብሎ ወሰነ። የምርጫ ኮሚሽኑ አልፈጽምም አለ። ድምፅ ሊሰጥ ዘጠኝ ቀን ሲቀር ምክር ቤቱ የፍርድ ቤቱን የምርጫ ሥልጣን በሕግ ነጠቀ። ሰኢድ በ90.7 በመቶ አሸነፉ፤ ከመራጩ የወጣው 28.8 በመቶ ነው። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ አያሺ ዛመል ድምፅ ሲቆጠር እስር ቤት ነበሩ።

ለመንግሥቱ የሚሟገቱ ሰዎች «እንግዲህ ይቅርታም ይደረጋል፣ ይፈታሉም» ይላሉ። እውነት ነው፣ ይፈታሉ። ኦክቶበር 2025 ላይ የናቡል ፍርድ ቤት አንድ የቀን ሠራተኛን ፌስቡክ ላይ በጻፈው ነገር ሞት ፈረደበት። የአገር ጩኸት ሲሆን በቀናት ውስጥ በፕሬዚዳንቱ ይቅርታ ወጣ። ሶንያ ዳህማኒም ከዓመት ተመንፈቅ በኋላ ኖቬምበር 27 ቀን 2025 በአመክሮ ተለቀቁ። ለቤተሰቦቻቸው ደስ ብሎኛል። ግን ሰውዬው የተፈታው የተፈረደበት ነገር ወንጀል አይደለም ተብሎ አይደለም። ያሰረው እጅ ስለፈቀደ ነው፤ ሲከፋው ደግሞ መልሶ ሊያስር ይችላል። በዳኛ ነፃ የተባለ ሰውና በጌታ የተማረ ሰው ሁለቱም ቤታቸው ይገባሉ፤ እንቅልፋቸው ግን አንድ አይደለም።

ዳህማኒ በተፈቱ ማግስት የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ«ሴራው» መዝገብ እስከ 45 ዓመት የሚደርስ እስር ፈረደ። በሚቀጥለው ቀን፣ በዚሁ መዝገብ የተፈረደባቸው ተቃዋሚ ሻይማ ዒሳ ቱኒስ ውስጥ ሰልፍ ላይ ሳሉ ተያዙ። በዲሴምበር መጀመሪያ ደግሞ ፖሊስ አንጋፋውን ተቃዋሚ ፖለቲከኛ አሕመድ ነጂብ ሸቢን ወሰደ፤ 12 ዓመት ተፈርዶባቸዋል። ከ80 ዓመት በላይ የሆኑ ሰው ናቸው፤ የመጀመሪያውን ፕሬዚዳንት ቡርጊባንም ቤን አሊንም ሲቃወሙ የኖሩ። ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ኖቬምበር 22፣ በቱኒስ ጎዳና ብዙ ሰው ጥቁር ለብሶ ግፍ ይብቃ እያለ ተሰልፎ ነበር። ለዓመታት በአንድ ዕጩ ዳኛ ስም መስማማት ያቃታቸው ወገኖች ያን ቀን በአንድ ሰልፍ ሄዱ። ዘግይቷል። ሆኖም ያን ምስል ሳይ ልቤ ተነካ፤ ነግ በእኔ የሚለው ቃል በዓረብኛ እንዴት እንደሚባል ባላውቅም እግራቸው ሲናገረው አየሁ።

አንድ ነገር ደግሞ በእኛ ከተማ ላይ ይወድቃል። ሴፕቴምበር 22 ቀን 2022፣ ታንዛኒያ፣ አሩሻ የሚገኘው የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብት ፍርድ ቤት አንድ ቱኒዚያዊ ጠበቃ ባቀረቡት ክስ ላይ ፈርዷል። በ2021 በልዩ እርምጃው የወጡት አዋጆች ይሻሩ፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱም በሁለት ዓመት ውስጥ ይቋቋም ብሏል። ሁለቱ ዓመታት በሴፕቴምበር 2024 አለቁ። ፍርዱ አልተፈጸመም። በማርች 2025 የቱኒዚያ መንግሥት ሌላ ነገር አደረገ፦ ግለሰቦችና ማኅበራት በቀጥታ ወደ አሩሻ ሄደው እንዲከሱት የፈቀደበትን ቃል ሰረዘ። አገር ውስጥ ያጡትን ዳኛ ውጭ ያገኙ ሰዎች የነበሩበት ያ አንድ በርም ተዘጋ።

ያ ፍርድ ቤት የአፍሪካ ኅብረት ፍርድ ቤት ነው፤ የኅብረቱ መቀመጫ አዲስ አበባ ናት። ጉባኤው በየዓመቱ በየካቲት እኛ ከተማ ይደረጋል፤ መንገዱ ይዘጋል፣ ሆቴሉ ይሞላል፣ የቱኒዚያ ልዑካንም ይመጣሉ። የሙያ ባልደረቦቼ በዚያን ሰሞን ማይክ ይዘው በአዳራሹ መውጫ ይቆማሉ። ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ስለ አህጉራዊ ነፃ ንግድና ስለ ሁለትዮሽ ግንኙነት ነው። በሚቀጥለው የካቲት ከመካከላችሁ አንዱ፣ የቱኒዚያው ሚኒስትር በፊቱ ሲያልፉ፣ ይህን ብቻ ይጠይቅልኝ፦ በሁለት ዓመት ይቋቋም የተባለው ፍርድ ቤት የት ደረሰ?